ስለ መንጋጭላ ጡንቻ ሕመምና ስለ ናይትሪክ ኦክሳይድ፦ በተለመዱ አማርኛ ስያሜዎች ላይ የቀረበ ትችት

በዚህ ጽሑፍ የምንተቸው አንድን መጽሐፍ ወይም አንድን ተርጓሚ አይደለም። የምንተቸው፣ ስለ መንጋጭላና ስለ ፊት ጡንቻዎች ሕመም፣ በተለይም ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለው ሞለኪውል በዚህ ሕመም ውስጥ ስላለው ድርሻ የተጻፈ ሐተታ ወደ አማርኛ ሊመለስ ሲል፣ ማንም ሳይጠራቸው ቀድመው ከብዕር ጫፍ የሚደርሱትን ስያሜዎች ነው። «የመንጋጋ ሕመም»፣ «የጡንቻና የፊት ሕመም»፣ «ናይትሪክ ጋዝ»፣ «የሕመም አማላጅ»፣ «ሚና ይጫወታል» የሚሉት ከእነዚህ ዋነኞቹ ናቸው። እያንዳንዳቸው ለየብቻ ሲታዩ ጉዳት ያላቸው አይመስሉም። በአንድ ገጽ ላይ ሲሰለፉ ግን ሕመምተኛው ደኅና ጥርሱን ለመነቀል እንዲያቀርብ፣ አንባቢውም አንዱን ጋዝ ከሌላው እንዲያምታታ ያደርጋሉ። ስለዚህ ጉዳዩ የቃል ውበት ጉዳይ አይደለም።

በመጀመሪያ ከአጥንቱ እንነሣ። «መንጋጋ» በአማርኛ ሁለት ነገር ይሰይማል፤ አንደኛው ጥርሶች የተተከሉበት አጥንት ሲሆን፣ ሁለተኛው ምግብ የሚፈጨው የኋላው ጥርስ ነው። በጽሑፍ «የመንጋጋ ጥርስ» ብሎ መለየት ይቻላል። በንግግር ግን «መንጋጋዬን አስነቀልሁ» ያለ ሰው አጥንቱን እንዳላስነቀለ የታወቀ ነው። እንግዲህ አንድ የሕክምና ማብራሪያ «የመንጋጋ ሕመም» የሚል አርእስት ይዞ ቢወጣ አብዛኛው አንባቢ የሚረዳው የጥርስ ሕመምን ነው። ጽሑፉ የሚያወሳው ግን ጥርሱንም አጥንቱንም ሳይሆን፣ ከጉንጭ አጥንት ተነሥቶ እስከ ታችኛው መንጋጭላ ጥግ የሚወርደውን፣ ጥርስ ጠበቅ ተደርጎ ሲገጠም በጉንጭ ላይ ጠጥሮ በጣት የሚዳሰሰውን ጡንቻና ጓደኞቹን ነው። ለአጥንቱ «መንጋጭላ» የሚል የማያሻማ ቃል እያለን «መንጋጋ»ን ለሁለት ሥራ ማሰማራት የቃል ድኽነት ሳይሆን የቃል ብክነት ነው።

ለጡንቻው ስም ግሪኮች የተጠቀሙበት ቃል ትርጉሙ «አኛኪ» ማለት ነው። ይህን አይቶ «አኛኪ ጡንቻ» ብሎ ለመተርጐም መቸኰል አይገባም። በማኘክ የሚተባበሩት ጡንቻዎች በእያንዳንዱ ወገን አራት ናቸውና፣ ስያሜው ለአንዱ ብቻ ከተሰጠ ለቡድኑ የሚቀር ስም አይኖርም። በበኩላችን ለቡድኑ «የማኘኪያ ጡንቻዎች»፣ ለዚህኛው «የጉንጭ ማኘኪያ ጡንቻ» ማለትን እንመርጣለን። ረዘም ይላል፤ ነገር ግን አንባቢው እጁን በጉንጩ ላይ አድርጎ ሊያገኘው ይችላል። አንድ ስያሜ ለሕመምተኛ ሲሆን ከዚህ የበለጠ መመዘኛ አናውቅለትም።

«የፊት ጡንቻ» የሚለው ደግሞ ከ«መንጋጋ» የባሰ ነው። «ፊት» ገጽ ነው፤ ከኋላ ተቃራኒም ነው፤ ቀድሞም ማለት ነው። «የፊት ጥርስ» ስንል የገጽ ጥርስ ማለታችን አይደለም፤ ከፊት ለፊት ያለውን ማለታችን ነው። «የፊት ሕመሙ» የሚል ሐረግም ሰውዬው ቀድሞ ያደረበትን ሕመም ሊያመለክት ይችላል። ከዚህም በላይ ገጽን ለፈገግታና ለቁጣ የሚያንቀሳቅሱት ጡንቻዎች ከማኘኪያ ጡንቻዎች የተለዩ ናቸው፤ የሚያዛቸውም ነርቭ ሌላ ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሰባተኛው፣ ለማኘኪያዎቹ አምስተኛው የራስ ቅል ነርቭ ነው። ስለ ናይትሪክ ኦክሳይድና ስለ ጡንቻ ሕመም የተደረጉት ሙከራዎች ደግሞ በብዛት በማኘኪያ ጡንቻዎች ላይ የተደረጉ ናቸው። ስለዚህ ምንጩ ጠቅልሎ «አፍና ገጽ» በሚልበት ስፍራ አማርኛውም «የአፍና የገጽ ሕመም» ይበል፤ ምንጩ ጡንቻውን ለይቶ በሚጠራበት ስፍራ ግን «ፊት» የሚለው ቃል ፈጽሞ አይግባ።

እዚህ ላይ የቋንቋ ተመራማሪዎች የሚያውቁትን፣ የሕክምና ተርጓሚዎች ግን እምብዛም ያልተጠቀሙበትን አንድ የአማርኛ ጠባይ ማንሣት ይገባናል። አማርኛ ተናጋሪ ሲታመም «ጥርሴን ያመኛል»፣ «ራሴን አመመኝ»፣ «ጐኔን ይወጋኛል» ይላል። ጥርሱ፣ ራሱ፣ ጐኑ «ን»ን ይዘው ይመጣሉ እንጂ የግሱ ባለቤት አይሆኑም። ባለቤቱ በሦስተኛ መደብ ነጠላ ተባዕት ቅርጽ በግሱ ውስጥ ተሸሽጎ የሚቀር፣ ስሙም የማይጠራ አንድ ነገር ነው። ታማሚው የሚናገረው ሕመሙ የት እንደተሰማው ብቻ ነው፤ ከየት እንደመጣ አይናገርም። አማርኛው በዚህ ረገድ እጅግ ጠንቃቃ ነው።

ይህ ጥንቃቄ የሚጠፋው ግሱ ወደ ስም ሲለወጥ ነው። «ጥርሴን ያመኛል» የነበረው «የጥርስ ሕመም» ሲሆን፣ «የ» የተባለው አያያዥ ገብቶ ሕመሙን ለጥርሱ ርስት አድርጎ ይሰጠዋል። የ«የ»ን ጠባይ ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን፤ «የእባብ መርዝ» ከእባብ የወጣ ነው፤ «የእባብ መድኃኒት» ግን በእባብ ላይ የሚደረግ ነው። «የጥርስ ሕመም» በጥርስ ላይ የሚሰማ ነው? ወይስ ከጥርስ የሚነሣ? ሐረጉ አይለይም፤ ሰሚው ግን ሁለተኛውን ይወስዳል።

በማኘኪያ ጡንቻ ሕመም ውስጥ ይህ ልዩነት ትልቅ ዋጋ አለው። የጉንጭ ማኘኪያ ጡንቻ ሲታመም ሕመሙ ብዙ ጊዜ የሚሰማው በላይኛውና በታችኛው መንጋጋ ጥርሶች ላይ ነው። ጃኔት ትራቬልና ዴቪድ ሲመንስ እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተሙት የጡንቻ ሕመም መጽሐፍ ውስጥ ይህ በሥዕል ጭምር ተገልጧል። ታማሚው «ጥርሴን ያመኛል» ሲል እውነቱን ነው፤ ጥርሱ ግን ምንም አልሆነም። ሐኪሙ ይህን የሚለየው ጡንቻውን በጣት ተጭኖ ታማሚው የሚያውቀው ያው ሕመም መቀስቀሱን በማየት ነው፤ ጥርሱን ሲያደነዝዘውም ሕመሙ እንደነበረ ይቀራል። ይህን ሳይለዩ ደኅና ጥርስ መንቀል በሙያው ዘንድ የታወቀ ስሕተት ነው። ታዲያ ለሕመምተኛ የሚሰጥ ማብራሪያ «የጥርስ ሕመም» እና «የመንጋጋ ሕመም» እያለ በሚሄድበት ጊዜ፣ ታማሚውን ወደዚያው ስሕተት እያዘጋጀው ነው። ተርጓሚው ግሱን ቢጠብቅና «ጥርስዎን ሊያምዎ ይችላል፤ ሕመሙ የሚነሣው ግን ከጡንቻው ነው» ቢል፣ የአማርኛ ሰዋስው ራሱ ግማሹን ሥራ ይሠራለታል።

ከአንድ ቦታ ተነሥቶ በሌላ ቦታ ለሚሰማ ሕመም «ተዛማች ሕመም» የሚል አቻ ሲቀርብ እንሰማለን። «ተዛማች» ከሰው ወደ ሰው የሚጋባ በሽታ ሆኖ ሥር የሰደደ ቃል ስለሆነ አንቀበለውም። «ተሻጋሪ ሕመም» የተሻለ ነው። ሰዋስው የተማረ ሰው ተሻጋሪ ግስ ትዝ ቢለውና ፈገግ ቢል ጉዳት የለውም፤ እንዲያውም በሁለቱም ዘንድ አንድ ነገር ከባለቤቱ ተነሥቶ በሌላ ላይ ማረፉ ነው የሚነገረው።

ከዚሁ ጋር ተያይዞ የሚመጣው «የጡንቻና የፊት ሕመም» የሚለው ትርጉም ነው። ይህ ግልጽ ስሕተት ነው፤ ምክንያቱም ቀላል ነው። ጡንቻን ሸፍኖ የሚይዘውን ስስ ሽፋን ሕክምና የሚጠራበት «ፋሺያ» የሚለው የላቲን ቃል መጠቅለያ ወይም መቀነት ማለት ሲሆን፣ ገጽን ከሚመለከተው «ፋሺያል» ከሚለው የእንግሊዝኛ ቅጽል ጋር በድምፅ ይቀራረባል። ተርጓሚው በጆሮው ስለተመራ «ማዮፋሺያል» የሚለውን ቃል ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ጡንቻ፣ ግማሹን ፊት አደረገው። ይህ ዐይነት ሕመም በወገብም በትከሻም ይደርሳል፤ «የጡንቻና የፊት ሕመም» የወገብ ሕመም ስም ሆኖ ሲገኝ ነገሩ ከስሕተት አልፎ ወደ ቀልድ ይጠጋል።

ሽፋኑን ሥጋ የበለተ ሁሉ ያውቀዋል፤ ከጡንቻው ላይ በቢላ ጫፍ የሚገፈፈው ስስ ነጭ ነገር ነው። ስለዚህ «የጡንቻና የጡንቻ ሽፋን ሕመም» ቢባል ቃል በቃል ትክክል ይሆናል። ይሁንና አንድ ችግር ይቀራል። የመንጋጭላ መገጣጠሚያና የማኘኪያ ጡንቻዎችን መታወክ ለመመርመር እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ዓለም አቀፍ መመዘኛ ይህን ስም የሚሰጠው ሽፋኑን መርምሮ አይደለም። ጡንቻው ሲጫኑት ሕመሙ ከተጫኑበት ነጥብ ርቆ መስፋፋቱን አይቶ ነው። በጡንቻው ክልል ውስጥ ብቻ ከተስፋፋ አንድ ስም፣ ከጡንቻው ወጥቶ ጥርስ ወይም ጆሮ ከደረሰ ሌላ ስም ይሰጠዋል፤ በነጥቡ ላይ ብቻ ከቀረም ሦስተኛ ስም አለው። በእንግሊዝኛውም ስሙ ከትርጉሙ ጋር ተለያይቷል ማለት ነው። አማርኛው የተለያየውን ስም ተከትሎ መንከራተት አይገባውም፤ «በነጥቡ የሚቀር የጡንቻ ሕመም»፣ «በጡንቻው የሚስፋፋ ሕመም»፣ «ከጡንቻው የሚሻገር ሕመም» ብሎ በመመዘኛው ፍች መሠረት ቢሰይም ከምንጩ ይልቅ ይገልጻል። በዚህ አንድ ስፍራ ላይ፣ ተርጓሚ ከደራሲው በላይ ግልጽ መሆን ይችላል የሚለውን አስተያየት ለመደገፍ አናመነታም።

ወደ ናይትሪክ ኦክሳይድ እንለፍ። ነገሩ ከአንድ የናይትሮጂንና ከአንድ የኦክስጂን አቶም የተሠራ ሞለኪውል ነው። ለረጅም ጊዜ የሚታወቀው ከሞተር ጭስ ጋር ሲሆን፣ በሰውነት ውስጥ ሥራ እንዳለው የታወቀው ግን በቅርብ ነው። ሮበርት ፈርችጎት እ.ኤ.አ. በ1980 የደም ሥር እንዲላላ ውስጠኛው ሽፋኑ አንድ ነገር ማመንጨት እንዳለበት አሳየ፤ ነገሩም ማንነቱ ሳይታወቅ «ከውስጠኛው ሽፋን የሚመነጭ አላዪ» በሚል የሥራ ስም ተጠራ። እ.ኤ.አ. በ1987 ይህ አላዪ ናይትሪክ ኦክሳይድ መሆኑ ታወቀ። በ1998ም ፈርችጎት፣ ሉዊስ ኢግናሮና ፌሪድ ሙራድ በልብና በደም ሥር ሥርዐት ውስጥ ምልክት አስተላላፊ ሞለኪውል መሆኑን በማግኘታቸው የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ለመዝገበ ቃላት ሠሪ ይህ ታሪክ ደስ የሚል ነው፤ አንድ ነገር መጀመሪያ በሥራው፣ ኋላም በባሕርዩ ሲሰየም በዐይናችን ያየንበት ነውና።

ችግሩ የባሕርይ ስሙ ነው። «ናይትሪክ ኦክሳይድ» በአማርኛ ፊደል ሲጻፍ ከ«ናይትረስ ኦክሳይድ» የሚለየው በሁለት ፊደላት ብቻ ነው። ሁለተኛው ሁለት የናይትሮጂን አቶሞች ያሉት ሌላ ጋዝ ነው፤ ሐምፍሪ ዴቪ እ.ኤ.አ. በ1800 ባሳተመው መጽሐፍ ሕመም ማስታገሡን የገለጸው፣ ሖሬስ ዌልስ የተባለው የጥርስ ሐኪምም በ1844 በራሱ ጥርስ ላይ የሞከረው «የሚያስቅ ጋዝ» ይኸው ነው። እስከ ዛሬም በጥርስ ሕክምና ቤት በጭንብል ይሰጣል። እንግዲህ ስለ መንጋጭላ ጡንቻ ሕመም የሚነበብበት ቦታና ናይትረስ ኦክሳይድ የሚሸተትበት ቦታ አንድ ክፍል ሊሆን ይችላል። አንዱ ሕመም ያስታግሣል፤ ሌላው ሕመም ያባብሳል እየተባለ ይጻፍበታል። «ናይትሪክ ጋዝ» ወይም «የናይትሮጂን ጋዝ» እያለ የሚተረጉም ሰው ሁለቱን በአንድ ከረጢት መክተቱ ነው። ይባስ ብሎ ናይትሪክ ኦክሳይድም በሕክምና ይሸተታል፤ የሳንባ ደም ሥራቸው ለጠበበ ጨቅላ ሕፃናት በጥንቃቄ ይሰጣል።

ይህ ሥጋት የተጋነነ የሚመስለው ቢኖር አንድ ምሳሌ እንጨምርለት። በአይጦች ላይ በተደረጉ ጥናቶች፣ ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚሠራውን ኢንዛይም መግታት የናይትረስ ኦክሳይድን ሕመም የማስታገሥ ኀይል እንደሚቀንስ ታይቷል። ይህን ዐረፍተ ነገር «ናይትሪክ ጋዝ» እያሉ ለመተርጐም ቢሞከር ምን እንደሚሆን አንባቢ ራሱ ይሞክረው።

በኬሚስቶች ቋንቋ «ኢክ» እና «አስ» የሚሉት መድረሻዎች ትርጉም አላቸው፤ አንዱ የናይትሮጂኑ የኦክሲዴሽን ደረጃ ከፍ ያለበትን፣ ሌላው ዝቅ ያለበትን ያመለክታል። ለአማርኛ አንባቢ ግን መድረሻዎቹ ባዶ ድምፆች ናቸው፤ በቃሉ ውስጥ ትርጉም እንዳላቸው የሚጠቁመው ምንም ነገር የለም። የዚህ ቤተሰብ አባላትም ብዙ ናቸው። ናይትሪክ ኦክሳይድ በሰከንዶች ውስጥ ስለሚጠፋ፣ በደምና በምራቅ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚለካው እርሱ ሳይሆን ቅሪቶቹ ናይትራይትና ናይትሬት ናቸው። እነዚህ ሁለቱም በአማርኛ ሲጻፉ ለመሳሳት የተፈጠሩ ያህል ይመሳሰላሉ። ለተርጓሚው ከዚህ የሚከተል ግዴታ አለ። ምንጩ ናይትራይት ጨመረ ካለ፣ «ናይትሪክ ኦክሳይድ ጨመረ» ብሎ ማሳጠር ልኬትን በግምት መተካት ነው።

ምን ይደረግ? አንዳንዶች «ናይትሮጂን ሞኖክሳይድ» ይባል ይላሉ። ስያሜው ሥርዐት ያለው ነው፤ ከ«ካርቦን ሞኖክሳይድ» ጋርም ይሄዳል። ነገር ግን ካርቦን ሞኖክሳይድን የአገራችን አንባቢ የሚያውቀው በዝግ ቤት ውስጥ በከሰል ጭስ ከሚደርስ ሞት ጋር ነው፤ ሰውነት ራሱ የሚሠራውን ሞለኪውል በዚያ ጥላ ሥር ማስቀመጡ አንባቢውን ያለ ምክንያት ያስደነግጠዋል። ሙሉ በሙሉ አማርኛ ስም እንፍጠርለት የሚለውንም አንደግፍም፤ ናይትሮጂንና ኦክስጂን በውሰት ጸንተው ሳለ የልጆቻቸውን ስም ብቻ መለወጥ ዘር ማሳት ነው። እኛ የምናቀርበው፣ ውሰቱ እንዳለ ሆኖ በመጀመሪያው ስፍራ ላይ መለያ እንዲጨመርለት ነው፦ «ናይትሪክ ኦክሳይድ፣ ባለ አንድ ናይትሮጂን» እና «ናይትረስ ኦክሳይድ፣ ባለ ሁለት ናይትሮጂን»። ሁለተኛው ለሕመምተኛ በሚጻፍ ጽሑፍ ሁልጊዜ «የሚያስቅ ጋዝ» የሚለውን ተጨማሪ ስም ይያዝ። የላቲን ፊደል ምልክቱን ብቻውን ማስቀመጥ አይመከርም፤ የናይትሪክ ኦክሳይድ ምልክት በእንግሊዝኛ ሲነበብ «አይ» የሚል ቃል ስለሚሆን፣ እንግሊዝኛ ጸሐፊዎች በዚህ ብዙ ተጫውተውበታል፤ ጨዋታው ወደ እኛ የሚሻገር አይደለም።

ኢንዛይሙን በሚመለከት ክርክሩ አጭር ነው። አርጂኒን ከተባለው አሚኖ አሲድ ናይትሪክ ኦክሳይድን የሚያወጣው ኢንዛይም «ናይትሪክ ኦክሳይድ ሠሪ» ቢባል ይበቃል። ሦስት ዐይነት ነው፤ የነርቭ፣ የደም ሥር ውስጠኛ ሽፋንና፣ በብግነት ጊዜ የሚቀሰቀሰው። የሚያግደው መድኃኒት «ገቺ» ይባል።

«አማላጅ» ግን ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። እንግሊዝኛው «ሚዲየተር» ሲል በመካከል ሆኖ አንዱን ወደ ሌላው የሚያደርስ ማለቱ ነው። አማርኛ ተርጓሚ መካከለኛ ሲፈልግ አማላጅ፣ ሸምጋይ፣ አስታራቂ ያገኛል። እነዚህ ሁሉ ግን ቁጣን የሚያበርዱ፣ ጠብን የሚያርቁ፣ ዕርቅ የሚያወርዱ ሰዎች ናቸው። «ናይትሪክ ኦክሳይድ የሕመም አማላጅ ነው» ሲባል የአማርኛ ሰሚ የሚረዳው ሕመሙ እንዲቀል የሚለምን መሆኑን ነው፤ ምንጩ የሚለው ግን ተቃራኒውን፣ ሕመሙን የሚያደርስ መሆኑን ነው። ለዚህ «አቀባይ» የሚለው ቃል እጅግ ይስማማል። ወሬ አቀባይ ወሬውን አይፈጥረውም፤ አያበርደውምም፤ ከአንዱ ተቀብሎ ለሌላው ይሰጣል እንጂ። «የሕመም ስሜት አቀባይ» ስንል ይህን ሁሉ በአንድ ቃል እንናገራለን።

ነርቭ ቀድሞ በማይሰማው ትንሽ ንክኪ መታመም ሲጀምር ለሚደርሰው ለውጥ «ስሜታዊ መሆን» የሚል ትርጉም ይሰጣል፤ ይህ ነርቭን አልቃሻ ያደርገዋል። «መቆጣት» የሚለውስ? ቃሉ ያማረ ነው፤ ቁስል ተቆጣ ይባላልና። ይሁን እንጂ «የጨጓራ መቆጣት» በሚለው ስያሜ ውስጥ ለብግነት ስለዋለ፣ ነርቭ ሳይበግን ትብ ሊሆን መቻሉን ይሸፍንብናል። ስለዚህ «ትብነት» የተሻለ ነው፤ «ነርቩ ትብ ሆነ» ማለት አያስቸግርም። ጡንቻው ሲዳሰስ ብቻ የሚያም ከሆነ ደግሞ «ሲነኩት ያማል» የሚለውን ሐረግ ስም ለማድረግ መድከም አያሻም፤ ግሱ ራሱ ይበቃል። በዚህ አጋጣሚ፣ አማርኛ ለሕመም ጠባይ ያለውን ሀብት ተርጓሚዎች ለምን እንደሚያከማቹት አይገባንም። ውጋት፣ ጥዝጣዜ፣ ቁርጥማት፣ ፍልጠት፣ ልብለባ እያሉን ሁሉን «ከባድ ሕመም» እና «ቀላል ሕመም» እያሉ መጨረስ ያሳዝናል። ለሐኪሙ የጡንቻው ጥዝጣዜ ከነርቭ ውጋት መለየቱ ብዙ ነገር ይነግረዋል።

አሁን ወደ ዋናው በደል፣ ወደ «ሚና ይጫወታል» እንምጣ። ሐረጉ ከእንግሊዝኛ እንዳለ የተገለበጠ መሆኑ አያከራክርም፤ የምንቃወመው ግን ስለተገለበጠ ብቻ አይደለም። የምንቃወመው ዐረፍተ ነገሩ ምን እንደሚል ስለሚደብቅ ነው። ናይትሪክ ኦክሳይድ በሕመም ውስጥ የሚሠራው አንድ ወጥ ሥራ አይደለም። በአንድ በኩል፣ ጆን ጋርትዌይትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1988 እንዳሳዩት፣ ግሉታሜት የተባለው አቀባይ በነርቭ ሕዋስ ላይ ያለውን ተቀባይ ሲነካ ናይትሪክ ኦክሳይድን ያስወጣል። ግሉታሜት በጉንጭ ማኘኪያ ጡንቻ ውስጥ በመርፌ ሲሰጥ በሰው ላይ ሕመም ያስነሣል፤ በሴቶችም ዘንድ ከወንዶች ይበልጥ እንደሚበረታ እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ጥናት ያሳያል። በ1999 የታተመ የዴንማርክ ጥናትም 16 ሥር የሰደደ የውጥረት ራስ ምታት ያለባቸው ሰዎች የናይትሪክ ኦክሳይድ ሠሪውን ገቺ ሲወስዱ ሕመማቸው መቀነሱን አመለከተ። በሌላ በኩል ግን የብራዚል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ ባሳተሟቸው የእንስሳት ጥናቶች፣ አንዳንድ ሕመም ማስታገሻዎች በቁስሉ ስፍራ የሚሠሩት በዚሁ በናይትሪክ ኦክሳይድ መንገድ መሆኑን አሳይተዋል። ያው ሞለኪውል በአንድ ስፍራና መጠን ሕመምን ያቀብላል፤ በሌላው ያስታግሣል።

እንዲህ ባለ ጉዳይ «ሚና ይጫወታል» ማለት የመደመሩንና የመቀነሱን ምልክት አጥፍቶ ቁጥሩን ብቻ ማስነበብ ነው። አንባቢው «ከፍተኛ ሚና» የሚለውን ሲያይ «ያስከትላል» ብሎ ይረዳና መድኃኒቱን ይጠይቃል፤ ለመንጋጭላ ጡንቻ ሕመም ተብሎ የሚታዘዝ የናይትሪክ ኦክሳይድ ሠሪ ገቺ ግን በሕክምና ቤት የለም። ተርጓሚው ምንጩን ሲያነብ ሦስት ነገር መጠየቅ አለበት፤ ናይትሪክ ኦክሳይድ ሕመሙን አስነሥቷል ነው የተባለው? አቅብሏል ነው? ወይስ ከሕመሙ ጋር አብሮ ተገኝቷል ብቻ? ለሦስቱም አማርኛ የተለያየ ግስ አለው። ምንጩ ራሱ ሳይለይ «ድርሻ አለው» ብቻ ካለ፣ እኛም «ድርሻ አለው» እንበል፤ «ከፍተኛ» የሚለውን ከራሳችን አንጨምር።

የእርግጠኝነት ደረጃም እንዲሁ ነው። የጋርትዌይት ጽሑፍ አርእስቱ ውስጥ ሳይቀር «ያመለክታል» በሚል ልክ ተወስኖ የቀረበ ነው። አማርኛ «ነው»፣ «ሳይሆን አይቀርም»፣ «ይመስላል»፣ «ሊሆን ይችላል» የሚሉ፣ ከእንግሊዝኛው የማያንሱ ደረጃዎች አሉት። በትርጉም ሥራ ላይ ግን እነዚህ ሁሉ ተጨፍልቀው «ነው» ሲሆኑ እናያለን፤ ምናልባት ጥርጣሬ በአማርኛ ሲጻፍ ድካም ስለሚመስል ይሆናል።

ከላይ የተባለውን በአንድ ዐረፍተ ነገር ላይ እንፈትነው። የሳይንስ ጽሑፍ ማጠቃለያዎችን ዘይቤ ተከትለን ራሳችን ያዘጋጀነው ነው። በተለመደው አካሄድ እንዲህ ይመጣል፦ «ናይትሪክ ጋዝ በመንጋጋና በፊት ጡንቻ ሕመም ውስጥ ከፍተኛ ሚና የሚጫወት አማላጅ ነው።» በዚህ ውስጥ ጋዙ የትኛው እንደሆነ፣ ሕመሙ የጥርስ ይሁን የጡንቻ፣ አማላጁ ያብርድ ያባብስ፣ ነገሩ በሰው ይታይ በአይጥ አይታወቅም። በምናቀርበው አካሄድ ደግሞ እንዲህ ይሆናል፦ «ናይትሪክ ኦክሳይድ፣ ባለ አንድ ናይትሮጂን፣ የማኘኪያ ጡንቻዎች ሲታመሙ የሕመሙን ስሜት ከሚያቀብሉት አንዱ ይመስላል፤ ማስረጃው በአብዛኛው ከአይጦች የተገኘ ነው፤ በሌላ ሁኔታ ሕመም ሲያስታግሥም ታይቷል።»

ሁለተኛው ከመጀመሪያው በእጥፍ ይረዝማል። የገጽ ልክ የተወሰነባቸው ተርጓሚዎች ይህን እንደሚያነሡ እናውቃለን። መልሳችን፣ ቦታ የሚቈጠበው «ከፍተኛ»፣ «በጣም ወሳኝ» እና «ዘርፈ ብዙ» የሚሉትን ቃላት በመተው ይሁን የሚል ነው። «የጉንጭ ማኘኪያ ጡንቻ» የሚለውን በተመለከተ ግን፣ የጥርስ ሕክምና መምህራን «ማሴተር» የሚለውን ውሰት በክፍል ውስጥ ስለለመዱት፣ ለሙያ መጻሕፍት ውሰቱን፣ ለሕመምተኛ ጽሑፍ አማርኛውን መያዝ ይቻላል፤ ሁለቱ በአንድ ገጽ ላይ እየተፈራረቁ እስካልገቡ ድረስ።